እስስትን በቤት ማኖር፦ ብርሃኑ፣ ውሃውና የፌንጣው ቀለብ

በቨርጂኒያም ይኑሩ በሲያትል፣ ልጅዎ የተሳቢ እንስሳት መደብር ገብቶ በወጣ ማግሥት «እስስት ግዙልኝ» ብሎ መወትወቱ አይቀርም። እሺም እምቢም ከማለትዎ በፊት አንድ ነገር ያስረዱት፤ እስስት የሚታይ እንጂ የሚታቀፍ እንስሳ አይደለም። ውሻ ጌታው ሲመጣ ጭራውን ይቆላል። እስስት ሰው ሲቀርበው ጎኑን አስፍቶ ገዝፎ ለመታየት ይሞክራል፣ አፉን ይከፍታል፣ እፍ እያለ ያስፈራራል። ለዓመታት የቀለበውን ሰው ቢበዛ ይታገሠዋል። ልጁ ይህን ሰምቶም «ይሁን፣ አየዋለሁ» ካለ የሚቀረው ሥራ የወላጅ ነው። እስስት ሲርበው አይጮኽም፣ ሲጠማው አይለምንም፣ ሲታመም ደግሞ እስኪብስበት ድረስ ይደብቃል። ዱር ውስጥ ደካማ መስሎ መታየት መበላት ነውና።

ስለዚህ እስስት የሚያኖር ሰው በዋናነት የሚንከባከበው እንስሳውን ሳይሆን በዙሪያው ያለውን ነው፤ ብርሃኑን፣ ውሃውን፣ የሚበላቸውን ነፍሳት። ቤት ውስጥ የሚኖር እስስትን ከሚገድሉት ሕመሞች አብዛኞቹ የሚመጡት ከእነዚህ ከሦስቱ በአንዱ ጉድለት ነው።

እኛ ዘንድ ደግሞ ከዚህ የሚቀድም ጉዳይ አለ፤ ፍርሃቱ። ብዙዎቻችን ያደግነው እስስት መርዝ አለው እየተባልን ነው። የለውም። ትልቅ ወንድ እስስት አጥብቆ ከነከሰ ጣት ሊያደማ ይችላል፣ ከዚያ ያለፈ ነገር የለም። በእውነት የሚያሰጋው ሳልሞኔላ ነው። ይህ የሆድ ሕመም የሚያመጣ ባክቴሪያ ጤነኛ በሚመስል ተሳቢ አንጀት ውስጥ ሊኖር ይችላል። እስስቱን፣ ቤቱን ወይም ነፍሳቱን በነኩ ቁጥር እጅዎን በሳሙና ይታጠቡ። ዕቃዎቹንም ሰሐን በሚታጠብበት ገንዳ አይጠቡ። የአሜሪካ የበሽታ መቆጣጠሪያና መከላከያ ማዕከል ዕድሜያቸው ከ5 ዓመት በታች የሆኑ ሕፃናት ተሳቢ እንስሳት እንዳይነኩ ይመክራል። በቤትዎ እንዲህ ያለ ሕፃን ካለ ለጊዜው ቢቆዩ ይሻላል።

የትኛውን ይግዙ?

በገበያ ላይ በብዛት የሚገኙት ሦስት ናቸው። አንደኛው በቀለሙ የሚታወቀው የማዳጋስካሩ ፓንተር ነው። ሁለተኛው ባለ ሦስት ቀንዱ የምሥራቅ አፍሪካ ጃክሰን፣ ሦስተኛው ሻጮች ቬይልድ የሚሉት የየመን እስስት ነው። ይህ መመሪያ የሚናገረው ስለ ሦስተኛው ነው። ለጀማሪ ከሦስቱ ቻዩ እሱ ነው። የትውልድ አገሩ የመንና የሳዑዲ ዓረቢያ ደቡብ ምዕራብ ተራራማ ክፍል ነው፤ በአሲርና በጂዛን በኩል የኖሩ ወገኖቻችን ዛፍ ላይ አይተውት ይሆናል። ቀኑ የሚሞቅበት፣ ሌሊቱ የሚቀዘቅዝበት፣ ዝናብ ለረጅም ጊዜ ሲጠፋ ጤዛ የሚጠጣበት አገር ነው። ይህን ካስታወሱ ከዚህ በታች የምነግርዎት አብዛኛው ነገር ራሱ ግልጽ ይሆናል።

ወንድ ይግዙ። ሴቷ ወንድ ሳያገኛትም እንቁላል ትጥላለች፤ ያ ራሱን የቻለ ጣጣ ስለሆነ በኋላ እመለስበታለሁ። ወንዱን ከሴቷ መለየት ቀላል ነው። ከተፈለፈለ ጀምሮ በኋላ እግሩ ተረከዝ ላይ ትንሽ ጉብታ አለችው፣ ሴቷ የላትም። ሲያድግ ጭራውን ጨምሮ ከ45 እስከ 60 ሴንቲ ሜትር ይደርሳል፤ አናቱ ላይ ያለው ቁርም ከሴቷ በጣም ይበልጣል። በጥሩ አያያዝ ከ6 እስከ 8 ዓመት ይኖራል። ሴቷ ብዙውን ጊዜ ከዚያ ያነሰ ዕድሜ አላት።

ዕድሜው ከሦስት ወር ያላነሰ፣ ከዱር ሳይሆን በሰው እጅ የተራባ መሆኑን ሻጩን ይጠይቁ። ከዱር የተያዘ እስስት በጥገኛ ትላትል የተሞላና በጉዞ የተጠማ ሆኖ ነው የሚደርሰው፤ ርካሽ ቢሆንም ይቅርብዎት። የሚገዙትን እስስት ዓይን ይዩ፤ ፈጥጦ የወጣና ዘወትር የሚዟዟር መሆን አለበት። ወደ ውስጥ የጎደጎደ ዓይን ጥማት ነው። እግሮቹ ቀጥ ያሉ ይሁኑ፣ ቅርንጫፉን አጥብቀው ይያዙ። ከተቻለም ሻጩ ፌንጣ ሲያበላው ቆመው ይመልከቱ። ምላሱ ተወርውሮ ዒላማውን ካልመታ ሌላ ይምረጡ።

እስስት ብቸኛ ነው። አንድ ቤት፣ አንድ እስስት። ሁለት ቢገቡ ባይጣሉ እንኳ አንዱ ሌላውን በማየት ብቻ ከምግብ ይገታዋል። በመስታወት የሚታየው የራሱ ምስልም ያስጨንቀዋል። «ብቻውን ይደብተዋል» ብሎ ጓደኛ የሚገዛለት ሰው ያዘነለት መስሎት ይጎዳዋል።

ቤቱን አስቀድመው ይሥሩ

ብዙ ሰው እስስቱንና ቤቱን በአንድ ቀን ገዝቶ ይመጣል። አያድርጉት። ቤቱ፣ መብራቱና ተክሉ ጥቂት ቀን ቀድመው ይዘጋጁ፤ ሙቀቱ ተለክቶ ከተስተካከለ በኋላ እስስቱ ይምጣ። በጀትዎንም በዚሁ መልክ ያስቡ፤ ከእንስሳው ዋጋ ይልቅ የቤቱና የመብራቱ ወጪ ይበልጣል።

ለአዋቂ ወንድ የሚመከረው ቤት 60 በ60 ሴንቲ ሜትር ስፋት፣ 120 ሴንቲ ሜትር ቁመት ያለው፣ ግድግዳው ከወንፊት ሽቦ የተሠራ ነው። የወርድ ስፋት ያለው የዓሣ ገንዳ አይሆንም። እስስት የዛፍ እንስሳ ስለሆነ ከፍታ ይፈልጋል፤ አየር በማይዘዋወርበት እርጥብ ቦታ ደግሞ ሳንባው ይታመማል። ቤትዎ በክረምት ማሞቂያ በጣም የሚደርቅ ከሆነ ሁለት ወይም ሦስቱን ጎን በፕላስቲክ መሸፈን ይቻላል፤ ፊቱና ጣሪያው ግን ክፍት ሽቦ ይሁን።

የሚቀመጥበትን ቦታ በጥንቃቄ ይምረጡ። ሰው የሚመላለስበት ኮሪደር አይሁን። ከጠረጴዛ ወይም ከመደርደሪያ ላይ ያስቀምጡት፤ መውጫው ቅርንጫፍ ከሰው ዓይን ከፍ ማለት አለበት። ከላይ የሚያየው ሰው ለእሱ አሞራ ነው። ቡና የሚቆላበትና ዕጣን የሚጨስበት ክፍልም አይስማማውም። የተሳቢ ሳንባ ለጭስ ደካማ ነው። እንግዳ ሲመጣ ጭሱ ቤቱን የሚሞላው ከሆነ እስስቱ በሩ የሚዘጋ ክፍል ይኑረው።

ውስጡን በቅርንጫፍ ይሙሉት፤ ወፍራምም ቀጭንም፣ አግድምም ሽቅብም። ከላይ እስከ ታች ወለል ሳይነካ መሄድ መቻል አለበት። ከዚያ እውነተኛ ተክል ያስገቡ። የየመን እስስት ከሌሎቹ የሚለየው ቅጠልም መብላቱ ነው፤ ስለዚህ መርዛማ ያልሆነ ተክል ብቻ ይግባ። ሂቢስከስ ጥሩ ነው፣ ቅጠሉንም አበባውንም ቢበላ አይጎዳውም። ብዙ አርቢዎች ፖቶስ የሚባለውን ሐረግም ይጠቀማሉ። ከመደብር የመጣ ተክል ፀረ ተባይ ሊኖርበት ይችላልና ቅጠሉን በውሃ ደጋግመው ይጠቡ። የማሰሮውን አፈር ከአፉ በሚበልጥ ድንጋይ ይሸፍኑት፣ አፈር ከዋጠ አንጀቱ ይደፈናል። ወለሉን ባዶ ይተዉት ወይም ወረቀት ያንጥፉ። አሸዋና የእንጨት ፍቅፋቂ ለጽዳትም ለሆዱም አይበጁም።

ብርሃን

ሕፃን ልጅ የጠዋት ፀሐይ የምታሞቅ እናት የዚህን ክፍል ቁም ነገር ታውቀዋለች። በፀሐይ ውስጥ ያለው ዩቪቢ የሚባለው ጨረር ቆዳ ላይ ሲያርፍ ሰውነት ቫይታሚን ዲ ይሠራል፤ ያለ ቫይታሚን ዲ ካልሲየም ወደ አጥንት አይገባም። ሕፃኑ ሪኬትስ እንደሚይዘው ሁሉ እስስቱም ዩቪቢ ሲያጣ አጥንቱ ይልማል። መንጋጋው ይለሰልሳል፣ እግሮቹ ይቆለመማሉ፣ ምላሱን መወርወር ያቅተዋል። የታጠፈ አጥንት ተመልሶ አይቃናም።

በመስኮት የምትገባ ፀሐይ አታድነውም፤ መስታወት ዩቪቢን ያስቀራል። መደብሮች ብዙ ጊዜ ጠምዛዛውን ትንሽ አምፖል «ይበቃል» ብለው ይሸጣሉ። እሱ የሚሸፍነው ጠባብ ቦታ ብቻ ነውና አይግዙት። የሚያስፈልግዎት የቤቱን ጣሪያ ከጫፍ እስከ ጫፍ የሚሸፍን፣ ቲ5 ኤችኦ የሚባለው ረጅም ቱቦ አምፖል ነው። በላዩ 5.0 ወይም 6% ተብሎ የተጻፈበትን ይምረጡ። ከቱቦው እስከ እስስቱ መቀመጫ ቅርንጫፍ ከ20 እስከ 23 ሴንቲ ሜትር ያህል ይራቅ። ቱቦው ዓይን እያየው ቢበራም ዩቪቢው እየደከመ ይሄዳልና በዓመት አንድ ጊዜ ይቀይሩት። ቀኑን ማሰሪያው ላይ ይጻፉ።

ሁለተኛው መብራት ለሙቀት ነው። ተራ የሙቀት አምፖል ይበቃል። ወንዱ በሚሞቅበት ቅርንጫፍ ላይ ሙቀቱ ከ29 እስከ 32 ዲግሪ ሴንቲግሬድ፣ የቀረው ቤት ከ22 እስከ 26 ይሁን። ሙቀቱን በእጅዎ አይገምቱት፣ በቴርሞሜትር ይለኩት። አምፖሉ ከሽቦው ውጭ ይቀመጥ። አናቱ ላይ ያለው ቁር ከአምፖል ከተጠጋ ይቃጠላል።

ሁለቱንም መብራት ከታይመር ጋር ያገናኙ፤ 12 ሰዓት በርቶ 12 ሰዓት ይጥፋ። ሌሊት ምንም ብርሃን አይኑር። «ተሳቢ ስለሆነ ሌሊት ይበርደዋል» ተብሎ የሚሸጠው ቀይ አምፖል እንቅልፍ ይነሳዋል፣ ብርሃኑን ያየዋልና። የየመን ተራራ ልጅ ስለሆነ ከ15 እስከ 20 ዲግሪ ያለ ሌሊት ይስማማዋል፤ ሰው ብርድ ልብስ ደርቦ የሚተኛበት ቤት ለእሱ ደህና ነው።

ውሃ

የውሃ ሳሕን አያስቀምጡ። እስስት የቆመ ውሃን ውሃ ብሎ አያውቀውም። የሚጠጣው ቅጠል ላይ የሚንጠባጠብና የሚያብለጨልጭ ጠብታ ነው። ሁለት ነገር ያድርጉለት። አንደኛ፣ ጠዋት መብራቱ ሊበራ ሲል ቅጠሉ እስኪንጠባጠብ ድረስ ሁለት ደቂቃ ያህል ውሃ ይርጩ፣ ማታ መብራቱ እንደጠፋም ይድገሙ። ሁለተኛ፣ ከሰዓት በኋላ ለሩብ ወይም ለግማሽ ሰዓት ከላይ ጠብ ጠብ የሚል ዕቃ ይስቀሉ። ታች ውሃውን የሚቀበል ነገር ያስቀምጡ። ከታች የተጠራቀመ ውሃ ሻጋታ ያመጣል።

በቀን መሐል ቤቱ መድረቅ አለበት፣ እርጥበቱ ከ30 እስከ 50 በመቶ ቢሆን ይበቃል። እርጥበት የሚበዛው ሌሊት፣ ሲቀዘቅዝ ነው። ቀኑን ሙሉ በሙቀት ላይ እርጥብ አድርገው ካኖሩት ሳንባው ይታመማል፣ አፉን ከፍቶ ሽቅብ እያየ መተንፈስ ይጀምራል። ጀማሪዎች «የጫካ እንስሳ ነው» እያሉ ቀን ከሌት የሚረጩት በዚህ ስሕተት ነው።

ጠጥቶ እንደሆነ እንዴት ያውቃሉ? ኩሱን ይዩ። ኩሱ ሁለት ክፍል አለው፤ ቡናማውና ከኩላሊት የሚወጣው ጠጣሩ ነጭ። ነጩ ነጭ ከሆነ ወይም ጫፉ ብቻ ትንሽ ቢጫ ካለበት ደህና ነው። ሙሉ በሙሉ ብርቱካንማ ከሆነ ተጠምቷል።

ምግብ፤ ወይም የፌንጣው ቀለብ

ዋና ምግቡ ነፍሳት ናቸው። በመደብር የሚሸጠው ቡናማ ፌንጣ በሁሉም ቦታ ስለሚገኝ መነሻ ይሁንዎት። ዱቢያ የሚባለው በረሮ የበለጠ ሥጋ አለው፤ አይሸትም፣ ለስላሳ ግድግዳ መውጣትም አይችልም። (ቤተሰቡ በረሮ በገንዘብ ተገዝቶ ወደ ቤት መግባቱን እንዴት እንደሚቀበለው ግን እኔ አላውቅልዎትም።) የሐር ትልና ብላክ ሶልጀር ፍላይ የሚባለው ዝንብ እጭ ሲገኙ ይጨምሩ፤ ሁለተኛው ከብዙዎቹ ነፍሳት የተሻለ ካልሲየም በተፈጥሮው አለው። ሱፐርዎርምና የሰም ትል ስብ ስለሚበዛባቸው አልፎ አልፎ ብቻ ይስጡ። ዓይነት ማቀያየር ጥቅሙ ለሥነ ምግቡ ብቻ አይደለም፤ አንድ ዓይነት ብቻ የለመደ እስስት አንድ ቀን ሰልችቶት ምግብ ያቆማል፣ ባለቤቱም ይደነግጣል።

መጠኑን በዚህ ያስተካክሉ፤ ከእስስቱ ሁለት ዓይኖች መካከል ካለው ስፋት የሚበልጥ ነፍሳት አይስጡ። ከ3 እስከ 6 ወር ሲሆነው በቀን ከ10 እስከ 12 ትናንሽ ፌንጣ ይበላል። ከዚያ ቀስ በቀስ ይቀንሱለት። ዓመት ሲሞላው በየሁለት ቀኑ 4 ወይም 5 ይበቃዋል። እዚህ ላይ የኛ ሰው ይቸገራል። «ብላ» ማለት የለመደ እጅ የተዘረጋ ምላስ እያየ መከልከል ይከብደዋል። ወፍራም እስስት ግን የታመመ እስስት ነው። በኩሽና ሚዛን በየሳምንቱ መዝነው ቢጽፉ፣ ዓይንዎ ያላየውን ቁጥሩ ይነግርዎታል።

አሁን ወደ ዋናው ነገር። ከመደብር የመጣ ፌንጣ ብዙ ጊዜ ሆዱ ባዶ ነው። ባዶ ፌንጣ የበላ እስስት የበላው ቅርፊት ነው ማለት ይቻላል። ስለዚህ ፌንጣውን ገዝተው ሲመጡ ወዲያው አይስጡት፤ ቢያንስ አንድ ቀን ያብሉት። ለዚህ ደግሞ የሐበሻ ቤት ከሌላው ይሻላል። ለፌንጣ ከሚሰጡ ቅጠሎች ቀዳሚው እኛ በአሜሪካ ለጎመን ወጥ የምንገዛው ኮላርድ ነው። ካልሲየሙ ከፍ ያለ ነው። ጎመኑን ከማብሰልዎ በፊት ጥቂት ጥሬ ቅጠል ለፌንጣው ያስቀሩ። ካሮት፣ ስኳር ድንች፣ ዱባና ብርቱካን ይጨምሩበት። ስፒናች ግን አይሁን፤ በውስጡ ያለው ኦክሳሌት ካልሲየሙን ይዞ ያስቀረዋል። ከማዕድ የተረፈ እንጀራና ወጥም አይሆንም። ጨውና በርበሬ የጠገበ ፌንጣ ለማንም አይጠቅምም።

ፌንጣውን በፕላስቲክ ሳጥን ውስጥ ያኑሩት። ክዳኑ ላይ መተንፈሻ ይኑረው፣ ውስጡ የእንቁላል ካርቶን ይደረደር። ውሃ በሳሕን ካስቀመጡ ይሰምጣል፤ የካሮቱና የብርቱካኑ እርጥበት ይበቃዋል። የሞተና የሻገተ በየቀኑ ይውጣ፤ ሽታው የሚመጣው ከእሱ ነው።

ቀጥሎ ዱቄቱ ነው። ፌንጣ በተፈጥሮው ፎስፈረስ የበዛበት፣ ካልሲየም ያነሰበት ነው፤ ለአጥንት የሚያስፈልገው ደግሞ በተቃራኒው ነው። ይህን የሚያስተካክለው የካልሲየም ዱቄት ነው። የሚሰጡትን ፌንጣ ፌስታል ውስጥ ያስገቡ፣ ቁንጥር ካልሲየም ጨምረው ቀስ ብለው ያወዛውዙ። ስስ ሽፋን ይበቃል። ለእያንዳንዱ ምግብ የሚሆነው ዲ3 ያልገባበት ካልሲየም ነው። ዲ3 እና ሌሎች ቫይታሚኖች ያሉበትን ዱቄት በወር ሁለት ጊዜ ብቻ ይጠቀሙ። ቫይታሚን ሲበዛ ይጠራቀማል፣ አንገቱ ላይ እብጠት ያመጣል፣ ኩላሊትንም ይጎዳል። ሁለቱን ቆርቆሮ እንዳያምታቱ አንደኛው ላይ «ሁልጊዜ»፣ ሌላው ላይ «በወር ሁለቴ» ብለው ይጻፉበት።

ለማብላት ግድግዳው የማያሳይ ጥልቅ ኩባያ ከቅርንጫፍ አጠገብ ይስቀሉ፤ ፌንጣው ከዚያ ውስጥ ይታደናል። ጠዋት፣ ሰውነቱ ከሞቀ በኋላ ይስጡት፣ ቀኑን ሙሉ ያንሸራሽረዋል። ማታ ያልተበላ ፌንጣ በቤቱ ውስጥ አይደር። ሌሊት የተኛ እስስትን ይነክሳል።

ልጆች ከጓሮ ነፍሳት ለቅመው መስጠት ይወዳሉ። ፀረ ተባይ የተረጨ ሊሆን ስለሚችል በጥቅሉ ይከልክሏቸው። አንዷን ግን በስሟ ለይተው ይንገሯቸው፤ በዋሽንግተን ዲሲ ዙሪያ በሰኔና በሐምሌ ምሽት ጓሮውን የምታደምቀው፣ ጭራዋ የሚበራው አብሪ ጥንዚዛ። በውስጧ ልብን የሚያቆም መርዝ አለባት። አንዲቷ ብቻ እንሽላሊትን ልትገድል ትችላለች።

ቀለሙን ማንበብ

ልጅዎ መጀመሪያ የሚሞክረው ቀይ ፎጣ ላይ ማስቀመጥ ነው። እስስቱ ቀይ አይሆንም። ቀለሙን የሚቀይረው በዋናነት ስሜቱንና ሙቀቱን ተከትሎ ነው። የጄኔቫ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በ2015 እንዳሳዩት፣ በቆዳው ውስጥ ያሉ ጉዋኒን የሚባሉ ጥቃቅን ክሪስታሎች ሲቀራረቡና ሲራራቁ የሚያንጸባርቁት ብርሃን ይለያያል። ለእርስዎ የሚጠቅመው ይህ ነው፤ የተረጋጋ የየመን እስስት አረንጓዴ ነው። ጠዋት ጠቆር ብሎ መብራቱ ሥር ቢቀመጥ ሙቀት እየሰበሰበ ነው፣ ይተዉት። ቀኑን ሙሉ ጠቁሮ ከዋለ፣ ወይም ሰው ሲያይ ደማቅ ነጠብጣብ አውጥቶ ከተንቀጠቀጠ ተጨንቋል። ምክንያቱን ይፈልጉ፤ መስታወት ይሆናል፣ ድመት ይሆናል፣ መሸሸጊያ ቅጠል ማነስ ይሆናል።

ከቤቱ ማውጣት ካለብዎት ከላይ አይያዙት። እጅዎን ከፊቱ ዝቅ አድርገው እንደ ቅርንጫፍ ይዘርጉለት፣ ራሱ ይምጣ። ቆዳው ሲላጥ በቁርጥራጭ ይወድቃል፤ አይላጡለት።

ሴት ከገዙ

ከ4 ወይም ከ5 ወሯ ጀምሮ፣ ወንድ አይታም ሳታይም፣ እንቁላል መያዝ ትችላለች። በአንድ ጊዜ ከ20 እስከ 80 የሚሆን፣ አንዳንዴም ከዚያ የሚበልጥ ትጥላለች። መቆፈሪያ ካጣች እንቁላሉን በሆዷ ይዛ ትሞታለች። ስለዚህ ቤቷ ውስጥ ሁልጊዜ 30 ሴንቲ ሜትር ያህል ጥልቀት ያለው ባልዲ መሰል ዕቃ ይኑር፣ ቆፍረውት የማይደረመስ እርጥብ አሸዋ ይሞላበት። ምግብ ስታቆም፣ ሆዷ ሲነፋና ወለል ላይ ስትንከራተት ጊዜዋ ደርሷል። መቆፈር ከጀመረች ቤቱን በጨርቅ ሸፍነው ለብቻዋ ይተዉዋት፤ ሰው ሲያያት ጉድጓዱን ትታ ትወጣለች። ቆፍራ ቆፍራ ሳትጥል ዓይኗን ከጨፈነች በዚያው ቀን ሐኪም ዘንድ ይውሰዷት። የእንቁላሉን ብዛት የሚቀንሰው ልክ ያለው ምግብና መጠነኛ ሙቀት ነው። ለእሷ መሞቂያው ከ27 እስከ 29 ዲግሪ ይሁን፣ አዋቂ ከሆነችም ምግቧ ከወንዱ ይነስ።

ሐኪም

ውሻና ድመት የሚያክሙ ሐኪሞች ሁሉ እስስት አያክሙም። እንስሳውን ከመግዛትዎ በፊት ተሳቢ የሚያይ ሐኪም በአቅራቢያዎ መኖሩን ያረጋግጡ። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ትኩስ ኩሱን ወስደው ለትላትል ያስመርምሩ። ከዚያ በኋላ የማይዘገይባቸው ምልክቶች እነዚህ ናቸው፤ ቀን ላይ ዓይን መጨፈን፣ ከቅርንጫፍ መውደቅ፣ ምላስ መወርወር አለመቻል፣ አፍ ከፍቶ መተንፈስ፣ የመንጋጋ ማበጥ። ዓይኑን ቀን የጨፈነ እስስት አልተኛም፣ ታሟል። ዛሬ የማይበላ አዋቂ ግን ዓይኑ ንቁ ከሆነ ጥቂት ቀን ሊጠበቅ ይችላል።

ሕጉና መጨረሻው

የእስስት ዝርያዎች በሙሉ ለማለት ይቻላል፣ ሳይቴስ በሚባለው ዓለም አቀፍ ስምምነት ንግዳቸው ቁጥጥር ይደረግበታል። አገር ቤት ለዕረፍት ሄደው ግቢ ውስጥ ያገኙትን እስስት በሻንጣ ማምጣት ወንጀል ነው። ለእንስሳውም ሞት ነው። ከኢትዮጵያ እስስቶች አንዳንዶቹ፣ ለምሳሌ በባሌ ተራሮችና በሐረና ጫካ የሚገኙት፣ በሌላ የዓለም ክፍል የሉም። እዚያው ይታዩ፣ ፎቶ ይነሡ፣ ይተዉ። በአሜሪካም የክፍለ ግዛቶች ሕግ ይለያያል፤ ሐዋይ የየመን እስስትን ጨርሶ ከልክላለች።

ለጉዞ የሚያስቡ ከሆነ የሚረጭ፣ የሚያበላና የሚያይ ሰው አስቀድመው ያሠልጥኑ፤ ታይመሩ መብራቱን ያበራል እንጂ ፌንጣ አያበላም። ማኖር ካቃተዎት ደግሞ ወደ ዱር አይልቀቁት። በፍሎሪዳ የተለቀቁና ያመለጡ የየመን እስስቶች ተራብተው ዛሬ የአገሩ ያልሆነ የዱር እንስሳ ሆነዋል፤ በሰሜኑ ቅዝቃዜ የተለቀቀው ግን ክረምቱን አይሻገርም። ለተሳቢ እንስሳት ማዳኛ ድርጅት ይደውሉ፣ ወይም ቤቱንና መብራቱን ጨምረው ለሚያውቅ አርቢ ይስጡት።